በአባቴ ሙት ዓመት የተከፈተው ካሴት

ነገሩ የሆነው አምና በጥቅምት መጨረሻ፣ እዚሁ ቢቸና፣ በአባቴ ሙት ዓመት ዕለት ነው። ግማሹ የሚያስቅ ነው፤ የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም ለሰው ሳወራው ከሚያስቀው ነው የምጀምረው። ቀሪውን ግን ለብዙ ሰው አላወራሁትም፤ ከሐሳቤ ያልወጣውም እሱ ነው።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ድጓና ጾመ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ብዙ ደቀ መዛሙርት አውጥተዋል። ከእኛ ከልጆቻቸው ግን አንዳችንም ዜማ አልተማርንም። ሲናደዱ "ወልጄ መከንኩ" ይሉ ነበር። ንዴቱ ሲበርድላቸው ደግሞ የራሳቸውን ድምፅ በካሴት ቀርጸው ይሰጡን ነበር፤ ምናልባት አንድ ቀን ልብ ይሰጣቸው ይሆናል ብለው ነው።

የእኔ ልብ በዚያ ዕድሜዬ የነበረው ሮክ ላይ ነው። አዎ፣ የፈረንጅ ሮክ። ጥፋቱ የታላቅ ወንድሜ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ለሌላው ሽቶና ጨርቅ፣ ለእኔ ካሴት ያመጣል። እዚያ ከሚያውቀው ሱቅ በባዶ ካሴት ያስገለብጥና የሽፋኑን ሥዕል ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ይጨምርበታል። ካሴቱ ራሱ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ የሚለየው በሽፋኑ ብቻ ነው። አባቴም ድምፃቸውን የሚቀርጹት ወንድሜ ባመጣላቸው በዚያው ዓይነት ባዶ ካሴት ነበር።

የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ሞጣ ተመድቤ አስተምር ነበር። ይታይሽ ከምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት ጋር ደባል ሆነን አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ሁለት አልጋ፣ አንድ ቴፕ፣ ስምንት የሮክ ካሴት። ካሴቱ የእኔ፣ ቴፑ የእሷ ነው። ስም አንጠራም፤ በሽፋኑ ሥዕል ነበር የምንለያቸው። ባለ ሐዲዱ፣ ባለ ጭሱ፣ ባለ ጀልባው እያልን።

ከስምንቱ የሚበልጠው ባለ ጀልባው ነው። ሽፋኑ ላይ አሸዋ ላይ የተደፋች ጀልባ አለች፤ ሌላ ምንም የለም። የመጀመሪያው ዘፈን በጊታር ብቻ ይጀምርና ይቆያል፣ ይቆያል፣ ሰው አሁንስ ቀረ ሲል ከበሮው ይገባል። ያን ቦታ ስንጠብቅ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር።

እኔ ሮክ እወድ ነበር፤ ይታይሽ ግን አበደችለት። ግጥሙን እየሰማች በደብተር ትጽፋለች፣ ክሩን በእስክሪፕቶ እየመለሰች ደግማ ትሰማለች፣ ከዚያ "ይሄ ሰውዬ ምን እያለ መሰለሽ?" ብላ በአማርኛ ትነግረኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ስድስት መምህራን ቆሎ ይዘው እኛ ጋ ይመጡ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ቁልፍም እሷ እጅ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ማስታወቂያ ካነበበች በኋላ አንድ ሮክ ትለቅበታለች። ርእሰ መምህሩ "ምንድን ነው ይሄ የወፍጮ ድምፅ?" ይሉ ነበር እንጂ አልከለከሏትም። ተማሪው ይወዳት ነበር።

አባቴ በዓመት አንድ ጊዜ ለንግሥ ሞጣ ይመጡ ነበር። መምጫቸው ሲደርስ ሮኩ ሁሉ ከነሽፋኑ ፍራሽ ሥር ይገባል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀሩት እሳቸው የሰጡኝ ሁለት ካሴቶች ናቸው። አንዱ "ጾመ ድጓ ፩"፣ ሌላው "ጾመ ድጓ ፪" ተብሎ ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም በእጃቸው ተጽፎበታል።

በዚያ ዓመት አባቴ ካሉት ቀን አንድ ቀን ቀድመው መጡ። ይታይሽ ትምህርት ቤት ነበረች። እኔ ሌሎቹን ካሴቶችና ሽፋኖቹን ሁሉ አስቀድሜ ፍራሽ ሥር ከትቼ፣ ባለ ጀልባውን ብቻ ከፍቼ አንጎራጉራለሁ። ከበር "ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእሳቸው ነው። ጉድ ፈላ! ካሴቱን መንጭቄ አወጣሁና በምትኩ "ጾመ ድጓ ፩"ን ከትቼ ከፈትኩት።

ሲገቡ የራሳቸው ድምፅ ተቀበላቸው። በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። "ትሰሚዋለሽ እንዴ ልጄ?" አሉ። "እሰማዋለሁ አባባ" አልኩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ባለ ጀልባውን የት እንዳደረግሁት በዚያ ድንጋጤ ልብ አላልኩም፤ እንደ ልማዴ ፍራሽ ሥር የከተትኩት መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን እኔ ክፍል ገብቼ ሳለ አባቴ ወደ ቢቸና ተመለሱ። የሸኘቻቸው ይታይሽ ናት። "ሁለቱን ካሴት ለአንድ ደቀ መዝሙሬ ላስገልብጥለት" ብለው ከጠረጴዛው ላይ ይዘው እንደሄዱ ነገረችኝ። ማታ ፍራሹን ባነሳው የባለ ጀልባው ሽፋን ባዶ ነው። ቴፑን ስከፍተው ደግሞ ውስጡ የአባቴ ካሴት አለ። "አባባ አንዱን ረስተውት ሄዱ" አልኩ።

እንግዲህ ተመልከቱ። አንድ ካሴት ያለ ሽፋን፣ አንድ ሽፋን ያለ ካሴት። የአንደኛ ክፍል ልጅ ይደርስበታል። የሒሳብ መምህርቷ ግን አልደረሰችበትም።

እኔ የደረስኩት ይታይሽ ላይ ነው። ከሳምንት በፊት ከባሕር ዳር የመጣ አንድ የምታውቀው መምህር ባለ ጀልባውን ለሳምንት አውሱኝ ብሎ እምቢ ብዬው ነበር። እሷ "ምን አለበት፣ ይመልሰዋል" ብላኝ ነበር። በቃ፣ እሷ ናት የሰጠችው አልኩ። ጠየቅኋት። ደነገጠች፤ እኔ ድንጋጤዋን የጥፋተኛ ድንጋጤ አድርጌ ወሰድኩት። ትንሽ አሰበችና "ምናልባት አባትሽ ሳያውቁ ይዘውት ሄደው እንዳይሆን" አለችኝ።

"መሪጌታ ሮክ ሰረቁ ነው የምትይኝ?" ብዬ ጮህኩባት።

አባቴን ጠይቄ ማጣራት እችል ነበር። አንድ ደብዳቤ ይበቃ ነበር። ነገር ግን "የሮክ ካሴቴን ይዘውብኝ ሄደዋል ወይ?" ብዬ አባቴን የምጠይቅበት አፍ ከየት ላምጣ? ዜማቸውን ስሰማ አግኝተውኝ እንባ የሞላቸው ሰው ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ከማፍር ደባሌ ሌባ ብትሆን ቀለለኝ። ያኔ እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም፤ ያደረግሁት ግን ይህንኑ ነው።

በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተናገርኩ። ሌባ ናት አላልኩም። "ቤታችን ውስጥ ዕቃ መጥፋት ጀምሯል" ነው ያልኩት። ከዚህ የከፋ አነጋገር የለም፤ ቀሪውን ሰው ራሱ ይሞላዋል። ሁለት ሰው ብቻ የሚኖርበት ቤት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ርእሰ መምህሩ የሚኒ ሚዲያውን ቁልፍ ከይታይሽ ተቀበሉና ለሌላ ሰጡ። ምክንያቱን አልነገሯትም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ያን ቀን ይታይሽ ማረፊያ ክፍሉ መካከል ቆመች። ርእሰ መምህሩም አሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሎ የሚበሉትም አሉ። እኔን እያየች "ያ ካሴት እስኪገኝ ድረስ ዘፈን የሚባል ነገር በጆሮዬ ባስገባ ግዝት ይሁንብኝ!" አለች።

በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። ሰው ግዝት ብሎ ካሰረ በኋላ ቢያፈርሰው ከእግዜር ጋር ነው የሚጣላው። እኔ ግን የንዴት ነው ብዬ ናቅሁት። በዚያው ሳምንት ቴፗን ይዛ ከቤታችን ወጣች። በዓመቱ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወረች። እኔም ወደ ቢቸና ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲያ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ሙት ዓመት ልመለስ።

ዳስ ተጥሏል፤ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ በልተው ጠጥተው ተቀምጠዋል። ታናሽ ወንድሜ "የአባባን ድምፅ እናሰማቸው" አለ። ሁላችንም ደስ አለን። የአባቴ የመጨረሻ ደቀ መዝሙር የሆነው ዲያቆን ከየትም ብሎ አንድ አሮጌ ቴፕ አግኝቷል። የአባቴን ሣጥን ከፍቼ ሁለቱን ካሴቶች ያወጣሁት እኔ ነኝ። "ጾመ ድጓ ፩" የሚለውን በቀይ ቀለም የተጻፈውን ተሳልሜ ለዲያቆኑ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

ዳሱ ጸጥ አለ። አክስቴ ከአሁኑ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለልቅሶ ተዘጋጅታለች። ዲያቆኑ ከፈተው። መጀመሪያ ሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ ጊታር።

ዲያቆኑ ቀና ብሎ አየኝ። ጊታሩ ቀጠለ። "ምንድን ነው እሱ፣ በገና ነው?" አለ አንዱ ቄስ። ዲያቆኑ ሊያጠፋ ብሎ በድንጋጤ የድምፁን መጨመሪያ አዞረው። ልክ ያኔ ከበሮው ገባ።

"በስመ አብ!" አለች አክስቴ። ሕፃናቱ ከጓሮ እየሮጡ መጡ። የአባቴ የልጅነት ባልንጀራ የሆኑት የቅኔ መምህሩ የኔታ ጥቂት አዳመጡና "መሪጌታ በሰማይ ቤት ዜማ ለወጡ እንዴ?" አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ካህናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። እስከ ዛሬ ቢቸና ውስጥ ሲያገኙኝ በእሱ ይቀልዱብኛል።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ገና በጊታሩ ነበር ያወቅሁት። እዚያው ዳስ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሒሳቡ ወጣልኝ። ለካ በዚያ ድንጋጤ ባለ ጀልባውን የከተትኩት ክፍት ሆኖ ያገኘሁት የአባቴ ሽፋን ውስጥ ኖሯል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሊያስገለብጡለት ያሰቡት ደቀ መዝሙርም ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሄዶ ስለጠበቃቸው ካሴቱን ሳይከፍቱት ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሰው የአባቴ ሐዘን ያገረሸብኝ መስሎት "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይለኛል።

የአባቴን እውነተኛውን ካሴት ከቤቴ ሄጄ አመጣሁት። ሽፋን እንደሌለው ሃያ ስድስት ዓመት እኔ ጋ ነበር። ድምፃቸው ተሰማ፣ ሰውም አለቀሰ፣ ነገሩ በሰላም ተፈጸመ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነገር ብዙም አያኮራኝም። በሳምንቱ ባለ ጀልባውን ስልክ ቤት ወስጄ ወደ ስልኬ አስገለበጥኩት። ለብዙ ቀን በማዳመጫ ሰማሁት። ማፈር ሲገባኝ ደስ አለኝ። ፈተና እያረምኩ እሰማዋለሁ፣ ሽሮ እያማሰልኩ እሰማዋለሁ። ያረጀ ነገር አይመስልም። ከዚያ የድሮ የሞጣ መምህራን ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ እዚያ ላይ አልበሙን ሙሉ ለቀቅሁትና "ባለ ጀልባው ተገኘ!" ብዬ ጻፍኩ።

ሁሉም በደስታ አበዱ። የልብ ምልክት ዘነበ። አንዱ የቅዳሜውን ቆሎ አነሣ፣ ሌላው ባለ ጭሱ አለኝ ብሎ እሱንም ላከ፣ አንዷ ልጆቼ እማዬ አረጀች ሲሉኝ ይህን አሰማኋቸው አለች። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው "የት ተገኘ?" ብሎ ጠየቀ። "አባቴ ሣጥን ውስጥ" አልኩ። ግሩፑ ዝም አለ።

ማታውን ልየው ደወለልኝ። ልየው የስፖርት መምህር ነበር፤ የቅዳሜ ቆሎ በሊታ ነው። አሁንም ሞጣ ነው የሚኖረው። ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝም "ፋንታዬ፣ ይታይሽስ?" አለኝ።

ይታይሽ ግሩፑ ውስጥ የለችም። ወደ ሞጣ ተመልሳ ታስተምራለች አለኝ። "ስልኳን ስጠኝ፣ አልበሙን ልላክላት" አልኩት።

"ምን ልታደርግበት? ይታይሽ እኮ ዘፈን አትሰማም" አለኝ። "ግዝቱን አላፈረሰችም። ሚኒባስ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት ዝጋልኝ ብላ ትለምናለች፣ እምቢ ካላት ትወርዳለች። እዚህ የማያውቃት ሰው እማሆይ ነው የሚላት።"

ስልኩን ዘጋሁት። ሃያ ስድስት ዓመት! እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያሻኝን ስሰማ ኖሬያለሁ።

ደውዬ ልነግራት አልኩና ተውኩት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ እስኪከፈት ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። በተከፈተ በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ደብረ ወርቅን አልፌ፣ ግንደ ወይንን አልፌ ሞጣ ገባሁ። ልየው እስከ በሯ አድርሶኝ "እኔ አልገባም" ብሎ ተመለሰ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል። አየችኝ፣ አየችኝና "ፋንታዬ ነሽ? ወፍረሻል" አለች። "ግቢ" አለችኝ እንጂ አልሳመችኝም።

ተቀመጥኩ። ካሴቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ "ጾመ ድጓ ፩" በሚለው ሽፋን ውስጥ እንዳለ። ከዚያ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አባቴ ቀድመው መምጣታቸውን፣ መደንገጤን፣ ሣጥኑን፣ ዳሱን። የኔታ ያሉትን ስነግራት እንኳ አልሳቀችም።

ስጨርስ "ምን ብዬሽ ነበር?" አለችኝ።

"አባትሽ ሳያውቁ ይዘውት ሄደው እንዳይሆን ብለሽኝ ነበር።"

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩት።

"ይታይሽ፣ ስለ እመብርሃን ይቅር በይኝ" አልኩና እግሯ ላይ ልወድቅ ስነሣ "ቁጭ በይ፣ ለይቅርታው እንደርሳለን" አለችኝ።

ግዝቱን እውነት ጠብቃው እንደሆነ ጠየቅኋት። "ግዝት ለምን ይባላል ታዲያ? አንቺ የመሪጌታ ልጅ አይደለሽ እንዴ?" አለች። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ታወራልኝ ጀመር። የንስሐ አባቷ እፈታሻለሁ ቢሏት እምቢ ብላለች፤ "ከፈቱኝማ ወስጄ ነበር ማለት ነው" ብላ። የበኩር ልጇ ሰርግ ዕለት ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ወጥ ቤት ነበረች። "የሙሽራዋ እናት ትውጣ፣ ትጨፍር" እያሉ መጥተው ጎተቷት። ወጡ ያርርብኛል አለቻቸው። ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ አለች። ልጅቷ በመጨረሻ ራሷ በቬሎዋ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አይታት ተመለሰች። "እስከ ዛሬ ትቀየመኛለች። ባሏን ያልወደድኩት መስሏታል" አለች ይታይሽ።

እኔ የነጠቅኋት የመሰለኝ አንድ ቁልፍ ነበር።

"ስልክሽ ካርድ አለው?" አለችኝ።

"አለው።"

"በይ ደውይ። ድምፁን ከፍ አድርጊው።"

ያን ቀን ማረፊያ ክፍል የነበሩትን አንድ በአንድ ጠራችልኝ። አንድም አልረሳችም። ደወልኩ። ለእያንዳንዱ "ይታይሽ ካሴቱን አልወሰደችም፤ የጠፋው በእኔ እጅ ነው፤ ስሟን በከንቱ አጥፍቻለሁ" አልኩ። የመጀመሪያው ከበደኝ፤ እየቆየ ቀለለኝ። አንዱ "ኧረ ተይ፣ እኔስ ረስቼዋለሁ!" ብሎ ሳቀ። ይታይሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ "እኔ አልረሳሁትም" አለችው። ሳቁ ቆመ።

ርእሰ መምህሩ ላይ ስንደርስ ቁጥራቸውን ጠየቅኋት። "ጋሽ አስማረ ሞተዋል" አለች። "እሳቸውማ ሌባ እንዳሉኝ ሞቱ።" ነጠላዋን አስተካከለችና "አንድ ሰው ቀርቷል" አለች።

የቀረችው ልጇ ናት። ማረፊያ ክፍል ያልነበረች፣ ያኔ ጨርሶ ያልተወለደች። ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። እናትሽ ወጥ ቤት የቀረችው ባልሽን ጠልታ አይደለም፣ በእኔ ምክንያት ነው አልኳት። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"እማዬ ዘፈን ትወድ ነበር?" አለች።

ይታይሽ ያኔ አለቀሰች። እስከዚያች ሰዓት አንዲት እንባ አላየሁባትም ነበር። እኔም አለቀስኩ። ልጅቷም በስልኩ ውስጥ ታለቅሳለች።

ፊቷን ከታጠበች በኋላ "እስኪገኝ ነበር ያልኩት። ተገኝቷል" አለችና ስልኬን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። ከፈትኩላት። ጊታሩ ጀመረ። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ጊታሩ ቆየ፣ ቆየ። እኔ አንድ ወር ሙሉ ስሰማው ከርሜ እንኳ የከበሮው መግቢያ አሁንም ያመልጠኝ ነበር። የይታይሽ ጣት ግን ጠረጴዛውን መታ፤ ከበሮውም እኩል ገባ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳትሰማው ቆይታ አልሳተችውም።

እስከ መጨረሻው ሰማነው። ስወጣ በሩ ላይ ሳመችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ። እንደ ድሮው እንሆናለን ብዬ ግን አልዋሽሽም" አለችኝ።

አሁን አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ልየው ባለ ሐዲዱን ከሆነ ሰው አግኝቶላት እሱን ይዛ ከርማለች። ልጇ ዘንድ ሄዳ አሰምታታለች፤ ልጅቷ አልወደደችውም አሉ፣ ጩኸት ነው ብላለች። እኔ ባለ ጀልባውን መስማት አቁሜያለሁ። ግዝት አይደለም፤ እንዲያው ጆሮዬ አልቀበል አለኝ።

የሚያንገበግበኝ የጋሽ አስማረ ነገር ነው። ደግ ሰው ነበሩ፤ አምነውኝ ነው ያን ቁልፍ የወሰዱት። እሳቸውን ስልክ አያገኛቸውም። በዚያን ጊዜ ሞጣ የነበሩ፣ ከእሳቸው የሰሙ፣ ከእኔ የሰሙ፣ ከሰማ የሰሙ ሌሎችም ይኖራሉ፤ ሁሉንም አላውቃቸውም። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ይታይሽ ካሴቱን አልወሰደችም።